ትንፋሽ ያጣ ቀርከሃ

የላምባ ምድጃው ክፍሉን ማሞቅ ሲጀምር፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ሻኩሃቺ «ቀጭ!» አለ። ፉሳኤ የሩዝ ገንፎውን ወለሉ ላይ ትታ ዘላ ተነሳች። እንዲህ ያለ የቀርከሃ ዋሽንት ትንፋሽ ካጣ ይደርቃል፤ ባሏ ደግሞ ከታመመ ወዲህ አፉን አስጠግቶበት አያውቅም።

«አትንኪው!» አላት ከፍራሹ ላይ። «ይሰንጠቅ! እኔስ ተሰንጥቄ የለ?»

«ለአንተ የሚሆን ክር አላገኘሁም፤ ዝም በል!»

ፀጉር የሚያክለውን ስንጥቅ በጣቷ ዳስሳ አገኘችው፤ በሐር ክር ዙሪያውን ጥብቅ አድርጋ አሰረችው። ከዚያ ዕድሜዋን ሙሉ «ጆሮዬን አደነቆርከው» ስትልበት የኖረችውን ዋሽንት ከንፈሯ ላይ አድርጋ ነፋች። ከባዶ ነፋስ በቀር ምንም አልወጣም። ደግማ ነፋች፤ ራሷን አዞራት። ባሏ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷ ግን አላቆመችም።

«አገጭሽን ዝቅ አድርጊ እንጂ፣ አንቺ ሴትዮ!»

ቀና ስትል ወደ እሷ ዞሯል፤ የገዛ ከንፈሩም ለመንፋት ሾሎ ነበር።