ውሃ ያልጠማት ማሽላ

የማስተርስ ማመልከቻዋ አልቆ «ላክ» የሚለውን መጫን ብቻ ቀርቷት ነበር፤ ቀነ ገደቡም የዚያኑ ዕለት ነው። ለዕፅዋት ሳይንስ ክፍሉ ያዘጋጀችው ጥናት ሟች ወንድሟ የጀመረው ነበር። በረንዳው ላይ ባልዲ ውስጥ የዘራት ማሽላ ሠላሳ ቀን ያለ ጠብታ ውሃ ቆይታ አልጠወለገችም። ፎቶ ልታነሳት ወጥታ ጣቷን አፈሩ ውስጥ ብትሰድድ እርጥብ ሆኖ አገኘችው።

ዞር ስትል እናቷ ጆግ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ የምታጠጫት?»

«በህልሜ እየመጣ ውሃ ጠማኝ ይለኛል» አለች እናቷ። «ምን ላድርግ፣ ሆዴ አልችል አለኝ።»

ልጅቷ ወደ ባልዲው ጎንበስ አለች። ወንድሟ «እስክመለስ ውሃ እንዳታጠጧት» ብሎ የለጠፈውን ወረቀት ከባልዲው ላይ ቀስ አድርጋ ላጠችው። ከዚያ ጆጉን ተቀብላ የተረፈውን ውሃ ራሷ አጠጣቻት።