እጅ የሚያዝበት ሐሙስ

ራትሪ በማራገቢያዋ ጫፍ ታንኳ የመሰለውን የእንጨት መሣሪያ ጠቆመች። «ይኼስ ምን ይባላል?»

«ራናት።»

«ከበሮው?»

«ታፖን።»

«እጅሽን ራቅ አድርጊው፤ ገና አልተፈቀደልሽም።»

እጄ ጭኔ ላይ ነበር። ቢሆንም ፈቀቅ አልኩላት። በትንሽ ነገር ተጣልቼ ልሄድላት አልመጣሁም።

ከወር በፊት ስድሳ የሙዚቃ ቃል በታይ ፊደል ጽፋ ያስታቀፈችኝ እሷ ናት። በዚህ ገዳም ሙዚቃ የሚያስተምሩት የኔታ ፕሉዋንግ አጎቷ ናቸው፤ የተማሪዎቻቸውን ስም የምትመዘግበውም እሷ ናት። የኔታ አንድን ነገር ሁለቴ አይናገሩም፣ ቃሉን የማያውቅ ተማሪ እሳቸውን ከማድከም በቀር ምንም አይፈይድም አለችኝ። በወጣሁበት እንድቀር ፈልጋ እንደሆነ ለማወቅ ብልህ መሆን አያስፈልግም። እኔ ደግሞ ቅሪ ስባል ነው የምመጣው።

ታይኛ የተማርኩት እዚሁ ታይላንድ፣ ማሃቻይ ከተማ፣ የባሕር ሽሪምፕ በሚላጥበት ፋብሪካ ውስጥ፣ ከአለቃ ስድብ ነው። ስለ ሙዚቃ የሚሳደብ አለቃ ስላልገጠመኝ የራትሪ ቃላት በሙሉ አዲስ ሆኑብኝ። የማደሪያችን ጥበቃ ወረቀቱን እያነበበልኝ በእኛ፣ ሞን በሚባለው ሕዝብ ፊደል ክንዴ ላይ ጻፍኳቸው። ከዚያ አንድ ሽሪምፕ ስልጥ አንድ ቃል፣ ሌላ ስልጥ ሌላ ቃል። በቀን ስንት እንደምልጥ ራትሪ ብታውቅ ኖሮ ስድስት ሺህ ቃል ትሰጠኝ ነበር።

የኔታ አዲስ ተማሪ የሚቀበሉት በአስተማሪዎች ቀን፣ በሐሙስ ብቻ ነው። ከተማሪው ኋላ ተቀምጠው፣ ሁለት እጁን ይዘው፣ በክብ በተደረደሩት የናስ ደወሎች ላይ የመክፈቻውን ዜማ ሦስት ጊዜ ያስመቱታል። እጁ ያልተያዘ ሰው መሣሪያ አይነካም፤ ከነካ የጥንት አስተማሪዎች መንፈስ ይቀሥፈዋል። እጅ ለመያዝ የተፈቀደላቸው ደግሞ እዚህ ገዳም ውስጥ የኔታ ብቻ ናቸው። የእሑድ ዕረፍቴን ከሌላ ሠራተኛ ጋር ለውጬ፣ አበባዬንና ጧፌን በሳህን ይዤ መጥቻለሁ። ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ዕረፍት መለዋወጥ ተከልክሏል። ዛሬ ካልሆነ መቼም አይሆንም።

የኔታ ምሰሶውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። የሚሰሙ ይሁኑ የተኙ አይታወቅም።

ሃምሳ ምናምነኛው ቃል ላይ ዙሪያችንን የተቀመጡት ተማሪዎች ሳቁ። ቃሉ ልክ ነበር፤ ያሳቃቸው አነጋገሬ ነው። አንዷ የእኔን ድምፅ አስመስላ ደገመችው። እኔም በዚያው አነጋገሬ፣ ከፊተኛው ጮክ አድርጌ እንደገና ተናገርኩት። ተናድጄ ነበር፤ ግን ቃል ሲናደዱበት ይበልጥ ይያዛል።

ስድሳው ሞላ። ራትሪ ማራገቢያዋን ጭኗ ላይ አኖረች።

«ናሱ ተመትቶ፣ መምቻው ሳይነሣ እላዩ ላይ ታፍኖ ሲቀርስ? ምን ይባላል?»

ወረቀቱ ላይ አልነበረም። እሷም አሳምራ ታውቃለች።

«አላውቀውም።»

«እንግዲያው ስታውቂው ትመለሻለሽ። ለበርማ ልጅ እስከዚህ የመጣሽውም ብዙ ነው።»

«ከበርማ ብመጣም ሞን ነኝ» አልኳት። «አንቺም ይቺን አንድ ቃል አጥኚልኝ።»

ተማሪዎቹ እንደገና ሳቁ፤ አሁን የሳቁት በእኔ አልነበረም። ራትሪ ፊቷ ቀላ። ሳህኔን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩና እግሬን አጥፌ ተደላደልኩ።

«ስድሳ አልሽኝ፣ ስድሳ አመጣሁ። የቀረውን እዚሁ ቁጭ ብዬ እማራለሁ። ሂጂ ማለት የሚችሉት የኔታ ናቸው፤ እሳቸው ይበሉኝ።»

ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ተንበርክካ ተጠጋችኝ። «እባክሽ እህቴ፣ እሳቸውን ተዪያቸው» አለችኝ ቀስ ብላ። ያ እባክሽ ከየት እንደመጣ አልገባኝም።

የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ራትሪ፣ ዘንድሮ በዚህ ወረቀትሽ ያባረርሻቸው ስንት ደረሱ?»

እሷ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። እሳቸው ወደ እኔ ዞረው ወደ ደወሎቹ ክብ ውስጥ እንድገባ በአገጫቸው አመለከቱኝ። ገብቼ ተቀመጥኩ። ሁለት ተማሪዎች ደግፈው አምጥተው ከኋላዬ አስቀመጧቸው። መምቻዎቹን ያዝኩ፤ እጆቻቸው በእጆቼ ላይ አረፉ።

ግራቸው ይንቀጠቀጣል። ቀኛቸው ግን የተጨመቀ ጨርቅ ይመስል እላዬ ላይ ወደቀና ቀረ። ጣታቸው አልጨበጠኝም። እጄን የሚመራ ምንም ነገር አልነበረም። ሁሉም የዚያን ጊዜ ገባኝ። ራትሪ ዓመቱን ሙሉ በቃላት አጥር ያጠረችው ቃል የማያውቁትን ለማባረር አልነበረም። ይህን እጅ ሰው እንዳያየው ነው። አዘንኩላት፤ በእሳቸው ደግሞ ኮራሁ፣ ገና አስተማሪዬ ሳይሆኑ።

«ዜማውን ታውቂዋለሽ?» አሉኝ በጆሮዬ።

«ከማደሪያችን መስኮት ይሰማል፣ የኔታ።»

«እንግዲያው እኔን አትጠብቂ።»

ያልተያዘ እጅ የሚቀሠፍ ከሆነ እንግዲህ ይቅሠፈኝ። ክንዴን ከነእጃቸው አነሣሁና መታሁ። ናሱ ጮኸ። ዜማው ከጫፍ ጫፍ ወጣ፤ አንድ ቦታ ተሳሳትኩ፣ አላቆምኩም። ተማሪዎቹ በሙሉ የመቱት እሳቸው መስሏቸው መዳፎቻቸውን ገጥመው ለየኔታ አጎነበሱ። ራትሪ ብቻ አላጎነበሰችም፤ የእኔን ክንድ ታያለች። ፊት ለፊት አየኋት፤ ለማንም አልናገርም።

ሁለት ዙር ይቀራል። የከበደውን ቀኛቸውን በእጄ ላይ አስተካከልኩና መምቻውን ወደ ላይ አነሣሁት።