በየቀለሙ የተለየ ብሎን

ጄኔራሏ የመጨረሻዋን ቢጫ ብሎን ከቢጫዎቹ ጋር ስትጨምር ውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። "መጡ! መጡ!" ተባባሉና የተማሪዎች ምክር ቤት አባላት በሙሉ መጥረጊያቸውን ከኋላቸው ደብቀው ግድግዳው ሥር ተደረደሩ።

ጄኔራል የሚሏት የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ማዘዝ ስለሚያምርባትም ጭምር ነው። የዛሬውን የበጎ ፈቃድ ሥራ የተቀበለችውም እሷ ናት። የሰፈሩ ሬዲዮ ሠሪ ሽማግሌ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህም በዳበሳ እየሠሩ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሴት ልጃቸው "አባቴን ሐኪም ጋ ወስጄው እስክንመለስ እባካችሁ ቤት አስመስሉልኝ" ብላ ቁልፉን ለተማሪዎቹ ሰጠች።

አስመሰሉትም። አልጋው ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ጠረጴዛው ጥግ ያዘ፣ ወለሉ ፊት እስኪያሳይ ተወለወለ። በየጣሳው ቀለሙ ተደበላልቆ የነበረውን ብሎን ደግሞ ጄኔራሏ ራሷ ቢጫውን ከቢጫ፣ ነጩን ከነጭ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ለየችው። ከሁሉ ያኮራት እሱ ነው።

ሽማግሌው ገቡ። እንደ ልማዳቸው ከዘራቸውን ከበሩ ጎን ሊሰቅሉ እጃቸውን ሰደዱ። እዚያ የነበረው ዝገታም ምስማር "አያምርም" ተብሎ ተነቅሎ ከቆሻሻው ጋር ጆንያ ውስጥ ገብቷል። ከዘራው ወለሉ ላይ ወድቆ ጮኸ።

"የማን ቤት ነው የገባነው?" አሉ።

"ያንተው ነው እንጂ አባዬ! ልጆቹ እንዴት እንዳሳመሩልህ..." አለች ልጃቸው። "ብታይ" ልትል ነበር፤ ዋጠችው።

ሽማግሌው ፈገግ ብለው ሲራመዱ ጉልበታቸው ከአልጋው ጠርዝ ጋር ተጋጨ። "አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እዚህ?" አሉት አልጋውን። ተማሪዎቹ ሳቁ። እንደምንም ጠረጴዛው ጋ ደርሰው ጣታቸውን አንዱ ጣሳ ውስጥ ከተቱ። አንድ ብሎን አወጡ፣ መለሱ፤ ሌላ አወጡ፣ መለሱ።

"እዚህ አጫጭሮቹ ነበሩ" አሉ።

"አሁን ቢጫዎቹ ናቸው አባባ!" አለች ጄኔራሏ። "ነጮቹ ቀጥሎ፣ ጥቁሮቹ ደግሞ..." ያለችው ነገር ለራሷ ጆሮ የደረሰው ያኔ ነው።

"ተባረኪ ልጄ። ቢጫው ይሄኛው ነው?" ብለው ጣሳውን ከፍ አደረጉት። ከልባቸው ነው የጠየቁት።

ልጃቸው ግን ትዕግሥቷ አለቀ። "አየህ አባዬ? በገዛ ቤትህ ጠፋህ እኮ! ብቻዬን እችላለሁ፣ እችላለሁ ስትለኝ የከረምከው ይኸው ነው? በቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ጋ ነህ" ብላ የልብሳቸውን ሳጥን ከፈተች።

"ጠዋት እኮ እችል ነበር" አሉ ሽማግሌው፣ ሳያጠፋ እንደተጠረጠረ ሕፃን።

ጄኔራሏ ግራ ገባት። ወለሉ ያበራል፣ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዟል፤ ታዲያ ምን አጠፉ? ሽማግሌው በእጃቸው የሚያውቁት ቦታ ግን አንዱም አልቀረም። ሊያጌጡ ይመላለጡ የሚባለው ይሄ ይሆን?

"እኛ ነን ያዞርነው! እንመልሰዋለን፤ ከመጀመራችን በፊት ፎቶ ተነስተናል!" ብላ ስልኳን አወጣች። ፎቶው ላይ ሁሉም ተቃቅፈው ይስቃሉ። ቤቱ ከጀርባቸው ተሸፍኖ አንድም ዕቃ አይታይም። "አልጋው በየት በኩል ነበር?" ብትል አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላዋ ወደ ቀኝ ጠቆሙ።

ሽማግሌው ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ በሩ ተመለሱ። ምስማሩ የተነቀለበትን ቀዳዳ ሲያገኙ ጣታቸውን አሳረፉበትና ቆሙ።

"ይኸው የቤቴ በር" አሉ። "ከዚህ ከጀመርኩ አልጠፋም።"

ልጃቸው ልብሱን እንዳቀፈች ቀረች። ማዘዝ የሚያምርባት ጄኔራል ያኔ ማንንም አላዘዘችም። የቆሻሻውን ጆንያ አፍ ፈትታ በተወለወለው ወለል ላይ ገለበጠችውና ተንበርክካ ዝገታሙን ምስማር ትፈልግ ጀመር። ሽማግሌው ጣታቸውን ከቀዳዳው አላነሱም።