ኩባንያ አፍ አለው

ገላኔን የደበደቧት በጠራራ ፀሐይ ነው። ፊሊፕስ ሰፈር ካለው የሆርዶፋ የምርጫ ቢሮ ስትወጣ፣ ፊታቸውን የሸፈኑ ሁለት ሰዎች ከቫን ወረዱ። አንደኛው ፀጉሯን ጨምድዶ ከግድግዳው ጋር አላተማት። ሌላው ክንዷን በብረት ሰበረው።

"ሆርዶፋን ተዪ" አሏት በእንግሊዝኛ። ሁለቱም የለበሱት የኬልቪክን ጃኬት ነበር።

ኬልቪክ አጠገባቸው ባለችው በፕሊማውዝ ከተማ የሚገኝ ትልቅ የመጋዘን ኩባንያ ነው። ፊሊፕስ ውስጥም መጋዘን ሊሠራ ይፈልጋል። ለከተማው ምክር ቤት የሚወዳደረው ሆርዶፋ ደግሞ ኬልቪክን የማያወግዝበት ስብሰባ አልነበረም። "ተፎካካሪዬን ጅሬኛን ገዝተውታል" ይላል። ገላኔ ታምነዋለች። ከአረጋውያን መጦሪያ ሥራዋ ስትወጣ ቤት ለቤት እየዞረች የምትቀሰቅስለት በነፃ ነው።

አንድ ቀን "ኦቦ ሆርዶፋ፣ ኩባንያ በምርጫ ምን አገባው?" ብላው ነበር።

"ሕጉ ነዋ። እንደ ሰው የመናገር መብት አለው ተብሎ ተፈርዶለታል። የፈለገውን ማስታወቂያ ያወጣል። ከእጩው ጋር መመካከር ብቻ ነው የተከለከለው።"

ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ቀድሞ የደረሰላት ሆርዶፋ ነው። ያበጠ ፊቷን ሲያይ ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ለፖሊስ ይሆናል፣ እህቴ" ብሎ በስልኩ ፎቶ አነሳት። ከዚያ በኋላ ፊቷን ለሰው ማሳየት አፈረች። ወንድሟ ናፍያድ ሲመጣ እንኳ በሻርፕ ተሸፋፍና ጠበቀችው።

"እነማን ናቸው?" አላት።

"ጃኬታቸው የኬልቪክ ነው።"

ናፍያድ ከኬልቪክ ሠራተኞች የሚያውቀው በሪሁንን ብቻ ነበር። በሪሁን ፎርክሊፍት ይነዳል፤ የጅሬኛ ደጋፊ መሆኑንም አይደብቅም። ናፍያድ በማግስቱ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቀው።

"እህቴን ማን መታት?"

"ኧረ እኔ በምን አውቄ፣ ወንድሜ። ዕቃ ነው የማነሳው።"

ናፍያድ በጎማ መፍቻ ፊቱን አለው። ከወደቀ በኋላም አልተወውም። ጥበቃዎች ጎትተው ሲያላቅቁት የበሪሁን ግራ ዓይን ፈስሶ ነበር። ናፍያድን በካቴና ወሰዱት።

ሆርዶፋ ተፎካካሪውን በሰፊ ልዩነት ዘረረው። ያኔ ገላኔ ገና ሆስፒታል ነበረች። ደውሎ "ድሉ ያንቺ ነው" አላት። አለቀሰች።

ከሆስፒታል በወጣች በሳምንቱ፣ ክንዷን በጄሶ እንዳሰረች በሪሁን ቤት ሄደች። ሚስቱ ማሚት በሩን ከፈተችላት። በሪሁን ዓይኑን በፋሻ እንደታሰረ ሶፋው ላይ ተኝቷል። ዞር ብሎም አላያትም።

"ወንድሜ ስላደረገው ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት" አለች ገላኔ። "ግን እኔንም የባለቤትሽ አሠሪዎች ሰዎች ናቸው እንዲህ ያደረጉኝ።"

ማሚት ከመሳቢያ አንድ ካርድ አውጥታ ሰጠቻት። "ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው በየፖስታ ሳጥኑ ተበትኖ ነበር። አላየሽውም?"

ካርዱን የሞላው ሆርዶፋ በስልኩ ያነሳው የገላኔ ያበጠ ፊት ነው። ከሥሩ በደማቁ "ዝም አንልም! ሆርዶፋን ምረጡ" ይላል።

"ታች ያለችውን ትንሿን ጽሑፍ አንብቢያት" አለች ማሚት።

ገላኔ ካርዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋች።

"ያለ እጩው እውቅና፣ በኬልቪክ ኩባንያ ወጪ የተዘጋጀ።"