የድሮ አፍሽን አምጪው

«አሁንም አልመጣም» አለ ምንያህል ከመስታወቱ ማዶ። «ሔሪ፣ በጣም ክሊን ሆነብኝ። እንደ ድሮው አድርጊው።»

ሔራን ማዳመጫውን ከጆሮዋ አወረደች፣ መልሳ አጠለቀች፣ እንደገና አወረደች። የተሰጣት በርጩማ ላይ መቀመጥ ካቃታት ቆይቷል። ከማይኩ እስከ ግድግዳው ያለችውን ጠባብ ቦታ ከጠዋት ጀምሮ ስትመላለስባት አርፍዳለች።

«እንደ ድሮው ማለት ምን ማለት ነው?»

ምንያህል አንገቱን አከከ። የመጀመሪያ ዘፈኗን የቀዳላት እሱ ነው፤ እዚሁ ኦሃዮ፣ ሂልቶፕ ሰፈር፣ እዚሁ የወላጆቹ ቤት ቤዝመንት ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለው። ያኔ ሔራን ከእናቷ ጋር በዲቪ ከመጣች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። ግሮቭ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ስታሽግ፣ አጠገቧ የምትሠራው ሴትዮ ቀኑን ሙሉ የካንትሪ ሙዚቃ ሬዲዮ ትከፍታለች። ሔራን መጀመሪያ ጆሮዋን ደፈነች፣ ቀጥሎ አንጎራጎረች፣ በመጨረሻ የራሷን ገጠመች።

አዝማቹ በእንግሊዝኛ «እዚህ ነው የምኖረው» ይላል። ችግሩ የሔራን አፍ ያኔ መኖር የሆነውን ‹ልቭ› መሄድ ከሆነው ‹ሊቭ› አይለይም ነበር። ግማሹ ሰው «እዚህ ነው የምኖረው» ስትል ሰማት፣ ግማሹ «ከዚህ መሄዴ ነው»። በሬዲዮ ሳይቀር ተከራከሩበት። ዘፈኑም በክርክሩ ታዝሎ ከኦሃዮ ወጣ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ነጠላ ዜማዋ ተከትለው ተሰሙ፤ በየካውንቲው ፌስቲቫል ባርኔጣ ያጠለቁ ሽማግሌዎች አብረዋት ዘፈኑ። አራተኛውን ግን ዞር ብሎ ያየው የለም። አምስተኛውንም። አሁን ናሽቪል ያለ አንድ የሙዚቃ ኩባንያ የመጀመሪያውን እንደ አዲስ ቅጂልን ብሏል። እሱም ካልሆነ፣ መጋዘኑ የትም አልሄደም።

«አክሰንትሽን ነው የሚፈልጉት» አለ ምንያህል በመጨረሻ። «ኢሜላቸው ላይ ቁርጥ አድርገው ነው የጻፉት። ሂት ያደረገው እሱ ነው ብለዋል። አሁን እኮ እዚህ እንደተወለደ ሰው ነው የምትዪው።»

«ስንት ዓመት የለፋሁበትን!»

«አውቃለሁ። ለዛሬ ብቻ ፌክ አድርጊው።»

ሞከረች። ከጉሮሮዋ የወጣው በሰው የሚያሾፍ ሰው ድምፅ ነበር። ምንያህል ሳይናገራት በፊት ራሷ አቋረጠችው።

እናቷ እትዬ አይናለም ከምንያህል አጠገብ ሶፋው ላይ የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። መኪናቸው ጋራዥ ስለገባች ከቀረጻው በኋላ ጋሃና ሰፈር አጠገብ ያለው ኤርፖርት ድረስ የምታደርሳቸው ሔራን ናት። እዚያ ሳንድዊች ይሸጣሉ። ከመንገደኛው ሁሉ ጋር ሲጫወቱ ነው የሚውሉት፤ በእንግሊዝኛቸው አፍረው አያውቁም።

«ምኑ ነው ያስቸገራት?» አሉ።

«አንዲት ቃል ናት፣ እትዬ። እስቲ እርስዎ ይበሏት፦ ‹አይ ልቭ ሂር›።»

«አይ ሊቭ ሂር» አሉ፣ ጮክ ብለው።

ምንያህል ከወንበሩ ብድግ አለ። «ይኸው! ሔሪ፣ ሰማሽ? ልክ እንደዚህ! እትዬ፣ እባክዎ ይድገሙላት።»

እትዬ አይናለም ፊታቸው በራ። ደገሙት። ከሶፋው ተነሥተው ወደ መስታወቱ ቀረቡና፣ ልጃቸው መድረክ ላይ እንደምታደርገው እጃቸውን እያወዛወዙ ሠለሱት። «ይኼ ነው የከበደሽ? አንቺ የተማርሽው! በይ ተከተዪኝ።»

ሔራን ማይኩን በሁለት እጇ ያዘችው። «እሷን አስመስዪ ነው የምትለኝ?» አለች ምንያህልን እያየች። «እናቴን?»

«እንደዛ አትውሰጂው እንጂ።»

«እንዴት ልውሰደው ታዲያ? እሷ ስትሳሳት ሰው ደስ ስለሚለው፣ እኔ የእሷን ስህተት እየዘፈንኩ ልዙር?»

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ነው ወደ እናቷ የዞረችው። እትዬ አይናለም እጃቸው አየር ላይ እንዳለ ቀርቷል። ቀስ ብለው አወረዱት።

«ተሳስቼ ነው እንዴ ያልኩት?» ብለው ምንያህልን ጠየቁት።

ምንያህል ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

«አልተሳሳትሽም፣ እማዬ!» አለች ሔራን ተቻኩላ። እናቷ ግን ቦርሳቸውን እያነሡ ነበር። «አይ፣ መኪና ውስጥ ልጠብቅሽ። እዚህ ይሞቃል» አሉ፤ ደረጃውን ይዘው ወጡ።

ሔራን ልትከተላቸው አንድ እርምጃ ሄደችና ተመለሰች። «ሪኮርድ አድርግ።»

«በየትኛው?»

«በአሁኑ አፌ። አንዴ እዘፍነዋለሁ። ካልፈለጉት ይተውት።»

ዘፈነችው። ዓይኗን ሳትጨፍን፣ ቸኩላ፣ የሚያባርራት እንዳለ ሰው። ቃሏ ጋ ስትደርስ አላመነታችም፤ አጭር አድርጋ፣ ጥርት አድርጋ አለቻት። ማንም ሊከራከርባት አይችልም። የመጨረሻው የጊታር ድምፅ ሲጠፋ ምንያህል ቀረጻውን አቆመ።

«ቆንጆ ነው» አለ። «ግን አይወስዱትም።»

«ላክላቸው።»

ጃኬቷን እየጎተተች ደረጃውን ሮጣ ወጣች። መኪናዋ ጋ ስትደርስ፣ የምትለው ሁሉ አፏ ላይ ነበር፤ ይቅርታው፣ ቀልዱ፣ ምሳ ልጋብዝሽ ማለቱ።

እትዬ አይናለም አላዩዋትም። የፊት ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ የፀሐይ መከላከያውን አውርደው፣ እዚያ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት አፋቸውን ያያሉ። ከንፈራቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል። ይቆማሉ። ራሳቸውን ይነቀንቁና ቃሏን ደግሞ ይሞክራሉ፤ እያሳጠሩ፣ ይበልጥ እያሳጠሩ።

ሔራን በሩን መክፈት አቃታት።