እንደ ረሃብ ዓመት

«በእናንተ አገርስ ምን ትሉታላችሁ?» ብላ ራድሚላ ጠይቃኝ ነበር።

ራድሚላ የሰርቢያ ሰው ናት። ዌስትቼስተር በሚባል ሰፈር ባለ አንድ ሆቴል ላውንደሪ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ አብረን እንሠራለን። አንድ ቀን ሱፐርቫይዘሩ ሌላ ፎቅ ሂጂ አላት። መጀመሪያ መነጽሯን ፈለገች። ከዚያ የጫማዋን ክር ፈታች፣ እንደገና አሰረችው። ከዚያ ውኃ ጠጣች። ሰውየው ሲሰለቸው ሌላ ሰው ላከ።

«ካኦ ግላድና ጎዲና» አለችኝ እየሳቀች። እንደ ረሃብ ዓመት ማለት ነው። የረሃብ ዓመት ቶሎ አያልቅም፤ ሰው ነገር ሲያጓትት እነሱ እንደዚያ ይላሉ። ከዚያ ነው የእኛን የጠየቀችኝ።

እኛ ዘንድ የረሃብ ዓመት ለቀልድ አይነሳም። ማጓተቱን ግን ከእሷ ተማርኩ። ቸግሮኝ ነበርና።

ልጄ አቢጋኤል ያኔ ሰባት ወሯ ነው። የባሌ የፍሬው እናት እትዬ ካሳነሽ ልጅቱን ሊይዙልን ከአዲስ አበባ ለስድስት ወር መጥተዋል። ስድስቱ ወር ሲያልቅ አቢጋኤልን ይዘዋት እንዲመለሱ ተወሰነ። ማን እንደወሰነ እኔ እንጃ። ከሥራ ስገባ ተወስኖ ጠበቀኝ።

«ስንቱ ሰው ልጁን አገር ቤት ልኮ አሳድጎ የለም እንዴ?» አለኝ ፍሬው። «ትምህርት ቤት ስትደርስ እናመጣታለን። የዴይኬሩን ዋጋ አይተሽዋል። አንቺ ሥራ ካቆምሽ ደግሞ የቤቱ ሬንት አለ። ሶ፣ ምን ይሻላል ትያለሽ ማዕዶት?»

«እኔ እያለሁላት ምን ትሆናለች?» አሉ እትዬ ካሳነሽ፣ ልጅቱን ደረታቸው ላይ ለጥፈው።

አንዴ እምቢ ብዬ ነበር። ፍሬው ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም። ከፌርፋክስ መንገድ ጀርባ ባለች ባለ አንድ መኝታ ቤት ሦስት ትልልቅ ሰዎች ተዘጋግተን ከረምን። የመጣሁት በእሱ ዲቪ ነው። የምሄድበት ዘመድ የለኝም።

እናም ማጓተት ጀመርኩ።

መጀመሪያ የፓስፖርት ፎቶ ነበር። ሕፃኗ ብቻዋን፣ ቀጥ ብላ፣ አፏን ገጥማ መታየት አለባት። እኔ ከካሜራው ኋላ ሆኜ ምላሴን አወጣለሁ፣ እሷ ትንከተከታለች። ሦስት ጊዜ ተበላሸ።

«አንቺ ልጅ ወዲያ ሂጂ፣ እኔ ልያዛት» አሉ እትዬ ካሳነሽ። ያዟት። በአራተኛው ላይ የእሳቸው እጅ ገባበት።

«ኧረ እማማ እጅዎን!» አላቸው ፎቶ አንሺው።

«ውይ! እርጅና እኮ ነው ልጄ።»

በሌላ ቀን ፎቶውን እንደገና ተነሳች። ያኔ ደግሞ የልደት ወረቀቷ ጠፋ። ፍሬው ከሩዝ ጆንያው ሥር አገኘውና አየኝ። የፓስፖርቱ ማመልከቻ ቀጠሮ ሲደርስ እትዬ ካሳነሽ ደም ግፊቴ ተነሳ ብለው ተኙ፣ ቀጠሮው አለፈ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ከሰዓት ተነሥተው አንድ ሳህን ጥብስ ጨረሱ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ግን ፈረምኩ። እናትም አባትም መፈረም አለባቸው። እስክሪብቶውን እጄ ላይ ያስቀመጠው ፍሬው ነው።

ከዚያ በኋላ የፖስታው ነገር ብቻ ቀረ። እሳቸው ከመሄዳቸው በፊት ፓስፖርቱ ከመጣ ልጄ ትሄዳለች። ካልመጣ ብቻቸውን ይሄዳሉ።

የፖስታ ሳጥኑ ቁልፍ አንድ ነው። «ቀኑን ሙሉ ቤት የምውለው እኔ» ብለው እትዬ ካሳነሽ ወሰዱት፣ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አሰሩት። ጉልበታቸውን እያመማቸው በየቀኑ ደረጃውን ይወርዳሉ። ማንንም አያስቀድሙም። ፍሬው ሲገባ «ዛሬም የለም ልጄ። ምን ያለው አገር ነው!» ይሉታል። ከዚያ ቁጭ ብለው ለአቢጋኤል የመንገድ ሹራብ ይሠራሉ። ክንዷን በክር ሲለኩ ዳይፐሯን ልቀይር ብዬ እቀበላቸዋለሁ።

አንድ ቀን በነገር ልወጋቸው ብዬ «ፓስፖርቱስ እንደ ረሃብ ዓመት ተጎተተብዎት» አልኳቸው።

መርፌያቸው ቆመ። «ማን ነው እንዲህ የሚለው?»

«የሥራ ጓደኛዬ ናት። እነሱ አገር እንደዚያ ይባላል።»

«በስድሳ ስድስቱ እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር» አሉ። «አክስቴ ከወሎ አዲስ አበባ ወሰደችኝ። ክፉ ቀን እስኪያልፍ ብላ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አደግሁ» አሉና ወደ ሹራባቸው ተመለሱ።

ገባኝ። ያንቺም ልጅ ታድጋለች ማለታቸው ነው።

ሊሄዱ ስድስት ቀን ሲቀራቸው ቁልፉን ልሰርቅ ቆረጥኩ። ፓስፖርቱን ቀድሜ አውጥቼ ልጥለው። ቅዳሜ ጠዋት እሳቸው ሻወር ገቡ፣ ፍሬው ሳሎን ልጅቱን ያጫውታል። አንገታቸው ላይ ያለውን ፈትተው እንደሆነ ብዬ ሻንጣቸውን ከፈትኩ። ቁልፍ የለም። ከታች፣ በነጠላ የተጠቀለለ ፖስታ አለ። እንግሊዝኛ ብዙ ማንበብ አልችልም፤ የልጄን ስም ግን አውቃለሁ። ውስጡ ፓስፖርቷ ነው። መጥቷል።

የፖስታውን ቀን ሳየው ሃያ ሁለት ቀን ሆኖታል። እንደነበረ ጠቅልዬ መለስኩት። ሳሎን ስወጣ እትዬ ካሳነሽ ፀጉራቸውን እያደረቁ፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ «ዛሬም የለም ልጄ፣ ጠዋት ወርጄ አየሁት እኮ» ይሉታል ፍሬውን። እባካችሁ ምከሩኝ፣ ማየቴን ልንገራቸው ወይስ ብቻቸውን እስኪሄዱ ስድስቱን ቀን ዝም ልበል?