የአንገት ድንጋይ

የሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህር ሕፃናቱን ገረመማቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ይቅርታ ለፍልፎ አንድም ነገር ጠብ አላለላቸውም። ለነዚህ ከማስተማር ግድግዳውን ማስተማር ይሻላል። ይኸው፣ ፊት ለፊቱ ሁለት ሴት ልጆች በአንድ እርሳስ ተኳርፈው ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀምጠዋል።

«እናንተ ደግሞ ምን ይገባችኋል?» አለ። «በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ፣ ተበዳዩ ፈጥኖ ከአንገቱ ያወርድለታል። የማያወርድ ክርስቲያን አይደለም። ድገሙ።»

«የማያወርድ ክርስቲያን አይደለም» አሉ በአንድ ድምፅ።

በሩ ተንኳኳ። መምህሩ ሲከፍተው፣ ስድስት ዓመት ያኮረፋቸው አባቱ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ቆመዋል።

«በድዬሃለሁ ልጄ፣ ይቅር በለኝ» አሉ እንዳጎነበሱ።

መምህሩ ሰዓቱን አየ።

«ትምህርት ላይ ነኝ፤ እስክጨርስ እዚያው ይጠብቁ» ብሎ በሩን ዘጋና ወደ ሕፃናቱ ዞረ። «እሺ፣ የት ላይ ነበርን?»

ሁለቱ ኩርፈኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ።

«ድንጋዩን ማውረዱ ላይ ነበርን፣ መምህር» አለች አንደኛዋ።